እኔ አልዘጋሁብሽም

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም የሻሽወርቅ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ልጅሽ አስመረችስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ከዚህ ከእስራኤል የሐምሌ ሙቀትና ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቴም አመመኝ። «ወንድማችን ምናለ ጋ ደውዬ ብጠይቀው፣ ወሬዬ ሲሰለችሽ ኮምፒውተሩን እንደምትዘጊብኝ ነገረኝ» ብለሻል። ለካ አርብ አርብ በኮምፒውተር ልታወሪኝ ኢንተርኔት ቤት መምጣቱን የተውሽው ለዚህ ነው። እታለም፣ አንድም ቀን አልዘጋሁብሽም። እማዬ ስታርፍ ምን እንዳለች ልትነግሪኝ ጀምረሽ፣ «ሙላቷን ንገሩልኝ አለችና» ስትዪ የጠፋው በራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይግልና ድርግም ብሎ ይጠፋል። አቧራ መስሎኝ ክዳኑን ፈትቼ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። ከግድግዳው አራቅሁት፤ የሳሎኑን ማራገቢያ ደቀንኩበት። ከእኔው ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ምናለ የሰፈራችንን የነቬ ሐይምን ሁሉ ኮምፒውተር በነጻ ይጠግናል፤ የእኔን እይልኝ ስለው ግን አርጅቷል ተይው ይለኛል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ።

በፋብሪካ አብራኝ የምትሠራውን ኢላናን ባማክራት፣ ፕሮሰሰር የሚሉት የኮምፒውተሩ አእምሮ ሙቀቱን ከሚስብለት ብረት ጋር የሚያገናኘው ሚሽኻ የሚሉት ቅባት ደርቆ ይሆናል፣ አዲስ ቀቢው አለችኝ። እኛ ቤት ሚሽኻ ማለት የጥርስ ሳሙና ነው። እኔም ብረቱን አንስቼ የጥርስ ሳሙና ለቀለቅሁበት። አትሳቂ፤ ሁለት ቀን ሠርቷል። ቤቱም ናና ናና ሸተተ። በሦስተኛው ቀን ግን ደርቆ ተፈረፈረ።

ኢላና ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ የኮምፒውተሩን ሚሽኻ ይዛልኝ መጣች። ከፍታ ስታየው ሳቋ ቆመ። «ሙላቷ፣ ይህ ማራገቢያ የዚህ ኮምፒውተር አይደለም፤ ሰው ለውጦታል» አለችኝ። መዳፍ የማታክል አሮጌ ማራገቢያ በሽቦ ታስራለች፤ እኔ ሞኟ ሽቦውን ሳየው ሲሠራም እንዲሁ የታሰረ መስሎኝ ነበር። ሄደን ብናይ የእኔው ትልቁ ማራገቢያ የሠርግ ቪዲዮ በሚቆርጥበት በምናለ ኮምፒውተር ውስጥ ይሽከረከራል።

ስጠይቀው አልካደም። «ማ ካራ፣ ምን ሆነ፣ አንቺ ለወሬ ብቻ አይደል እንዴ የምትፈልጊው?» አለኝ። ይህን ልጅ ከአገር ስንወጣ በጀርባዬ አዝዬ አውሮፕላን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መውሰዱን ይቅር እለው ነበር። ጥፋቱ እንዳይታወቅበት በእኔ ማሳበቡ፣ ያውም ላንቺ፣ አንጀቴን አቃጠለው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን ገባኝ።

ኢላና አዲስ ማራገቢያ ገጥማልኝ ትናንት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ አርብ ጠዋት በለመድነው ሰዓት እጠብቅሻለሁ። እማዬ ምን ንገሩልኝ አለች? እሱን እስክሰማ እህል አይወርድልኝም።

አስመረችን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ እጅ እነሳለሁ። ጎረቤትሽን እማማ ጤናዬን እንደምን አሉ በይልኝ። ባለቤቴ ሺሞን እጅ ነስቷል፤ ልጄ ሄን አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። እስካሁን በየደብዳቤው «ምናለም ሰላም ብሎሻል» እያልኩ የጻፍኩልሽ ከራሴ አውጥቼ ነበር እንጂ እሱ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ አልጻፍኩልሽም።

እህትሽ ሙላቷ
ሀደራ፣ ነቬ ሐይም
ሐምሌ 17 ቀን 1999 ዓ.ም.