መቶ ዘጠና ሁለት መርፌ ለስድስት ፊት

መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለተከበሩ አቶ ዋሴ
የውበት ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰብዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? ጉልበትዎን ያበርታው፣ ማኅተምዎን አያድርቀው፣ ከሁሉም በላይ ፊትዎን ከመርፌ ይጠብቅልዎ እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። እኔ ከገበያው ማዶ ባለችው ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ፣ የሊድያ እናት የሺወርቅ ነኝ። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ደጅ ስለጠናሁ መልኬን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው «ረጋ በይ እንጂ፣ እንዲህ ተብሎ ለባለሥልጣን አይጻፍም» ቢለኝ አመስግኜ ወረቀቱን ተቀበልኩትና ራሴ ጻፍኩት። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል። ግልባጩን ገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ለሚያነቡት ወገኖቼ ግን ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ ሊድያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብጉር ሁለት ዓመት አሠቃይቷት ጉንጮቿ ላይ ጠባሳ ጥሎባታል። ጥር 22 ቀን የጎረቤታችን ልጅ አበባየሁ ስትዳር ሊድያ ከአምስቱ ሚዜዎች አንዷ ነበረች፤ የሁሉንም ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ዓለምዬ የውበት ሳሎን ገቡ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዓለምዬ በዚያ ሰሞን የብጉር ጠባሳ ያጠፋል የተባለ ዕቃ አስመጥታ ነበር። ዕቃው እጀታ ያላት ትንሽ መንኰራኩር ናት። ዙሪያዋን መቶ ዘጠና ሁለት ቀጫጭን መርፌ ተተክሎባታል፤ ፊት ላይ ሲያንከባልሏት ቆዳውን ትበሳለች፣ ደም ነጠብጣብ ታወጣለች፣ የተበሳው ሲድን ጠባሳው ይሞላል ይባላል። በሚያውቅ ሐኪም እጅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ብጉሩ ከደረቀ በኋላ ከሆነ እውነትም ሊረዳ እንደሚችል የጤና ባለሙያዋ ሲስተር ማዕረግ ነግራኛለች። በወይዘሮ ዓለምዬ ቤት ግን አንዷ መንኰራኩር በስድስት ፊት ላይ ተራ በተራ ዞረች። ከአንዷ ወደ አንዷ ስትተላለፍ የተደረገላት ንጽሕና፣ ከዳባት የመጣ አረቄ ብርጭቆ ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት ነበር። ሊድያ አምስተኛ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ፊቷ አበጠ። ያልደረቀው ብጉር በመርፌው ተዘርቶ ግንባሯ ድረስ መገለ። በሠርጉ ዕለት ጓደኞቿ ሲጨፍሩ እሷ የእኔ አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ዛሬ መግሉ ደርቋል፤ ጠባሳው ግን ከድሮው በእጥፍ ብሷል። ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች። ደንበኛ የሚያይበትን የሱቄን መስታወት ሳይቀር ገልብጣ ግድግዳ አስደግፋዋለች።

ፊቷ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ከአምላክ ጋር እንወያይበታለን። ደሟ ግን ሌላ ነገር ነው። የስድስት ልጆች ደም በአንድ መርፌ ተገናኝቷል። ሊድያን አስመርምሬ የመጀመሪያው ውጤት ደኅና ነው ተብያለሁ፤ ሆኖም በሽታ ቶሎ ላይታይ ስለሚችል ሦስት ወር ሲሞላ፣ ሚያዝያ 15፣ ተመልሳ መመርመር አለባት። ሌሎቹ አምስቱ ገና አልተመረመሩም። የአንዷን እናት ብለምናት «ልጄን ምርመራ ቤት በር ላይ ካዩዋት ስም ያወጡላታል» ብላ በሩን ዘጋችብኝ፤ አልፈርድባትም፣ አገሬን አውቀዋለሁ። ሙሽራዋም በየዳ፣ ከባሏ አገር ገብታለች፤ ነገ ልትፀንስ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩዎት፦ ስድስቱም በእርስዎ ደብዳቤ፣ በአንድ ቀን ይጠሩ፤ በመንግሥት ወረቀት ከተጠሩ ማንም ማንንም አያማም። መንኰራኩሯም ትያዝ። ለዚህ ልመና የሰጡኝን መልስ እያሰብኩ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በየተራቸው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን ባስገባሁ በስምንተኛው ቀን ሳሎኑን ሊያዩ ሄዱ፤ ያውም የሰው ቤት በድንገት መግባት ነውር ነውና ከአንድ ቀን በፊት አስነግረው። ወለሉ ታጥቦ፣ መስታወቱ ተወልውሎ ጠበቀዎት፤ ቄጤማ መጎዝጎዝ ብቻ ነበር የቀረው። «የንጽሕና ሁኔታው አጥጋቢ ነው» ብለው ፈረሙ። ክቡር ሆይ፣ መርፌ የእኔ እንጀራ ነው። የደነዘዘ መርፌ ጨርቅ ይቦጫጭቃል እንጂ አይበሳም፤ የተጣመመ መርፌ ልብሱንም ክሩንም ያበላሻል። ሊድያ ያበጠች ዕለት ሄጄ መንኰራኩሯን በእጄ ይዤ አይቻታለሁ። ከመርፌዎቿ ሰባቱ ተጣመዋል፣ ከእጀታው በኩል ያለው ረድፍ ዝጓል። እኔ በዚያ መርፌ የማዳበሪያ ጆንያ አልሰፋበትም። እርስዎ ግን አጥጋቢ ነው አሉ፤ በቶሎ የሚጠግብ ሰው የታደለ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እያለ የሚተርተው የገበያው ሰው ነው እንጂ እኔስ ከአፌ አልወጣም።

2ኛ. ዝርዝርዎን አውጥተው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ምላጭ፣ መቀስ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ፎጣ ይላል። መንኰራኩሯ እዚያ ላይ ስላልተጻፈች ለቁጥጥር አትገባም አሉኝ። እንዲህ ከሆነ ጅብ በረት ቢገባ በዝርዝሩ የለም ተብሎ ሊያድር ነው! ይህን ሲነግሩኝ ከራስዎ በላይ፣ ግድግዳው ላይ «ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አንጠቀም» የሚል ሥዕል ተለጥፎ ነበር። አራት ቀን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስላነበብኩት ከውዳሴ ማርያም እኩል በቃሌ ሆኗል። በዚህ አገር ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲሄድ የራሱን ምላጭ በኪሱ የማይዝ ገበሬ የለም፤ ይህን ያስተማሩን እናንተ ናችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ምላጭ ካስፈራ መቶ ዘጠና ሁለት መርፌ እንዴት አያስፈራም?

3ኛ. «ልጆቹ ፈቅደው ነው የተደረገላቸው» ስላሉኝ ደግሞ በተለየ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ላይ ብዙ ስለምናገር ይታገሡኝ። በእኛ አገር ሙሽራና ሚዜዎቿ እንሶስላ የሚሞቁት ከአንድ ሳህን ነው። ሥሩ ተወቅጦ ይለወሳል፣ አንዷ የአንዷን እጅ ትቀባለች፣ ቀለሙ የሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሳህን እጇን የሰበሰበች ሚዜ ወይ ሙሽራዋን ንቃለች፣ ወይ ቀንታለች ይባላል፤ ክፉ ስሙ እስከ ልጅ ልጅ አይለቃትም። ወይዘሮ ዓለምዬ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ልጆቹን ክብ ሠርታ አስቀመጠችና መንኰራኩሯን አንሥታ «ይኼም እንሶስላችሁ ነው፣ እንዳትለያዩ» አለቻቸው። ሊድያ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብባ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚል ጮኽ ብላ ተናገረች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮዋም «ምነው፣ አበባየሁን ተጸየፍሻት?» አለቻት። ልጄ አንገቷን ደፍታ ፊቷን ሰጠች። እርስዎ ፈቃድ የሚሉት ይህን ነው።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና አንገቷን በመስቀል ንቅሳት የተነቀሰች ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለ ጀርም የነገራት አልነበረም። ግን ወደ ነቃሿ ስትሄድ መርፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ከቤቷ ይዛ እንደሄደች፣ ስትጨርስም ይዛው እንደተመለሰች ትነግረን ነበር። «እንሶስላ ይቀባል፣ መርፌ ግን ለየብቻ ነው» ትል ነበር። ይህን እየሰማሁ አድጌ እኔ ምን አደረግሁ? በዚያን ቀን ጠዋት ሊድያ «እማ፣ ለእኔስ ይቅርብኝ» ስትለኝ «ነውር ነው፣ ከጓደኞችሽ አትለዪ» ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ይህን ከገበያ ሰው ፊት የምጽፈው ጥፋቱ ከእኔም እንደሚጀምር አውቄ ነው። የእኔን ድርሻ አምኜ ተቀብያለሁ፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ባለቤት አጥቶ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ ተኝቷል።

4ኛ. በሽታውን ያለ ሐኪም ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ፤ ውርጭ ነው አሉኝ። የራስዎ ልጅ እንኳ ጥር ላይ ጉንጯ ቀልቶ፣ ውርጭ በልቷት ነው ተብሎ፣ ቅባት ተቀብታ እንደተሻላት አጫወቱኝ። አይ የሰሜን ውርጭ፣ ስንቱን ይሸከም! ባቄላውን ይፈጃል፣ ገብሱን ያነዳል፣ አሁን ደግሞ የሳሎን ጠበቃ ሆኗል። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ያደግሁትም ከውርጭ አገር፣ ደረስጌ ነው፤ በረድፍ በረድፍ የሚበሳ ውርጭ ግን አላየሁም።

5ኛ. ስድስቱ ቢጠሩ «ሕዝብ ይሸበራል» ስላሉኝ፣ ደግሞም «ካንቺ ሌላ ከሳሽ አልመጣም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ እርስዎም ስድስት እናት እያለቀሰች ካልመጣችልዎ አያምኑም። ሕዝቡ ሳይሸበር ይታመም ከተባለ ይሁን። ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል። አራት ጊዜ ስመላለስ አንድም ቀን «የተቀሩት ልጆች የማን የማን ናቸው?» ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።

እንግዲህ ብዙ አላስቸግርዎትም፤ እንደሚባለው ሥራ አለብዎት። እኔም ስፌት አለብኝ። ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም በጾም አልበረደም፤ ጾሙን ስላጎደልኩ ንስሐ አባቴ ቀኖና ቢሰጡኝ ከስግደቴ እኩሌታው የእርስዎ መሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ወንበርዎ አይጉደልብዎ፣ ብዕርዎ ለ«አጥጋቢ» አይንጠፍብዎ፣ በየበሩ ሲያልፉም የሚያስነግርልዎ አይጥፋ።

እያከበርኩዎ፣ መርፌዬን በእጄ ይዤ፣

የሺወርቅ ወልደ ሩፋኤል
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዕድራችን
ለወይዘሮ ዓለምዬ (ካልተከፈተ አንድ ፓኮ መርፌ ጋር፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ እንዲደርሰው)

ማስታወሻ፦ ይህች ቁራጭ ወረቀት ሰሌዳው ላይ የለችም፤ በእርስዎ ፖስታ ውስጥ ብቻ ናት። ከአራተኛው ቁጥርም ስለ ልጅዎ ያጫወቱኝን ከሰሌዳው ግልባጭ አውጥቼዋለሁ፤ የሰው ልጅ ፊት ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። ከሊድያ በፊት፣ አራተኛዋ ተረኛ የእርስዎ ልጅ የትናየት ነበረች። ቀሚሷን የለካሁት እኔ ነኝ። ከሚዜዎቹ ጋር ሳሎን አልገባሁም፣ ውርጭ ነው ያለችዎ እርስዎን ፈርታ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሱቄ መጣችና «እትዬ የሺ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪብኝ» ብላ አለቀሰች፤ እሺ ብያት ነበር፣ ቃሌን ስላፈረስኩ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መርፌው ከእሷ ፊት ተነሥቶ ነው ልጄ ፊት ላይ ያረፈው፤ ስለዚህ የእሷ ውጤት የእኔም ውጤት ነው። አንድ ክፉ ቃል ተናግረዋት ብሰማ ደብዳቤ አልጽፍም፣ ራሴ እመጣለሁ። ሚያዝያ 15፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሁለቱንም ይዤ ምርመራ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ይምጡና እጇን ይያዙላት፤ እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ አንዱን ለሊድያ ሰጥቼዋለሁ፣ በሌላው ዓይኔን እጠርግበታለሁ።