ልብስ ሰፊው አይንተባተብም

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴ ቀድጄዋለሁ። አሁንም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ብድግ ቁጭ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ተመልካች መግባት ጀምሯል።

ያን ቀን ከሦስተኛው ረድፍ ተነስተሽ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ልብስ ሰፊውን ሆኜ በስም ሞክሼዬ የሆነውን ደንበኛዬን «ማ... ማ... ማሙሽ» ብዬ ስጠራው ተመልካቹ በሳቅ አውካካ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ሳቁ ሲበርድ ወንበርሽ ባዶ ነበር።

ከቴአትሩ በኋላ ውይይት ነበር። አንዲት አረጋዊት መምህርት እጃቸውን አወጡና፣ «ሰውዬው ዋሾ ነው፣ የደንበኛ ጨርቅ ይሰርቃል፤ በዚህ እንፍረድበት። ሲንተባተብ የሳቅንበት ግን በየትኛው ጥፋቱ ነው?» አሉ። እኔ አፈ ጮሌው ማይኩን ነጥቄ፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕሪው እንዲህ ነው!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ደራሲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ መች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልጻፈም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት እየላጥሽ ያስጠናሽኝ አንቺ አይደለሽ? እኔን ስትጠሪኝ «ማ» ላይ ስንቴ ትደናቀፊያለሽ፤ ከወረቀቱ ላይ የልብስ ሰፊውን ቃል «ማሙሽ» ብለሽ ስታነቢ ግን አንድም ፊደል አልያዘሽም። «ሌባ ቢሆንም ወ... ወደድኩት፤ ምላሱ አይታሰርም» ብለሽኝ ነበር። እኔ ሄጄ አሰርኩበት።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅሽ ብመጣ፣ በሩን ከፍተሽ ልትጠሪኝ ከንፈርሽን ገጠምሽ። ከዚያ ተውሽውና፣ «አንተ፣ ግባ» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጠርተሽኝ አታውቂም። እኔም ይቅርታዬን ሳልጠይቅ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ትናንት ሳልንተባተብ ተጫወትኩ። ማንም አልሳቀም። አዘጋጁ፣ «ሳቁን የት ጣልከው? ነገ ካልመለስከው በሌላ ሰው ነው የምተካህ!» ብሎ ጮኸብኝ። ይተካኝ። ዛሬም አልመልሰውም።

እሑድ እመጣለሁ እትዬ። በሩን ስትከፍቺ «አንተ» እንዳትዪኝ፣ በስሜ ጥሪኝ። የፈለገውን ያህል ይፍጅብሽ፤ ጠርተሽ እስክትጨርሺ ደጃፍሽ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ማሙሽ