የጠፋው የካፖርት ቁልፍ

ልጄ፣ የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ፣ ብርዱም ይርሳሽ። በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ፤ ለጎረቤታችን ለዳኛው ከምሰፋው ካፖርት ላይ አንድ ቁልፍ ተሰውሯል። አክስትሽ ከስፌት መኪናዬ ሥር ወለል ለወለል ተንፏቃ ፈለገችና፣ "እትዬ፣ ዋጥሽው እንዴ?" አለችኝ።

ደግነቱ ተገኝቷል። ካፖርቱን ልሰቅል ክንዴን ሳነሳ ከእንግዳዋ ጥግ ጠንካራ፣ ክብ ነገር ነካሁ። እንግዳዋን ታውቂያታለሽ፤ ጡቴን ከቆረጡልኝ በኋላ ሐኪሞቹ ከሆዴ ቆርሰው የሠሩልኝ ናት። ስሜት ስለሌላት ቁልፍ ቢገባባትም አትናገርም። ጡት መያዣዬን አውልቄ አራገፍኩ። ምንም አልወደቀም። ክቡ ነገር ግን እዚያው አለ።

አክስትሽ ዳሰሰችውና ሳቋ ቆመ። ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙም "በሽታው ጡቱ ከወጣ በኋላም በቀረው ቆዳ ሥር ሊመለስ ይችላል" ብሎ በመርፌ ናሙና ወሰደ። "ዶክተር፣ የዚያችን በሽታ ቤቷን አፍርሰንባት የለ እንዴ፣ የት ልትቀመጥ ነው?" አልኩት። አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ስሰፋ እጄ ሳላዘው እዚያ ይሄዳል፤ ከኋላዬ የማውቃት ሴት ዝም ብላ የቆመች ይመስለኛል፤ ዞር ስል ግን የተሰቀለው ካፖርት ነው።

አደራ፣ ምሳሽን አትዝለይ፤ የራስሽንም ጡት መዳሰስ አትርሺ። ከሥራ ፈቃድ ከሰጡሽ ብቅ በዪ፤ ካልሰጡሽም አልቀየምም። ዕድሜሽ ከእኔ ይርዘም።

እናትሽ

እርማት፦ ከላይ "ተገኝቷል" የተባለው በስህተት ነው። የዳኛው ቁልፍ እስካሁን አልተገኘም። የተገኘው ያ የድሮው ካንሰር ነው፤ ውጤቱ ትናንት ደርሷል። "አልቀየምም" የሚለውም ተሰርዞ "ነይልኝ" ተብሎ ይነበብ።