ቡድኑ ሲሸነፍ የእኛ የነበረው ቦታ

ለኮተንውድ ሪጅ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ
ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ቀን፦ ሴፕቴምበር 10፣ 2018

ጉዳዩ፦ ከአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየሙ የተነጠቀው የዊልቸር ቦታ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ቀጸላ የኦሮራ ከተማ ነዋሪ ስሆን ግሌንዴል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ማመልከቻውን የጻፍኩት ሐሳቤን አሟልቼ በምገልጽበት ቋንቋ ነው። ልጄ ሔቨን የእንግሊዝኛውን ትርጉም ታያይዛለች፤ ቃሌን እንዳታለዝበው አስጠንቅቄያታለሁ።

1. ባለቤቴ አቶ ሀይለማርያም የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከ2010 ጀምሮ የቡድናችሁን የሜዳ ጨዋታ አንድም ሳናስቀር አይተናል። በ2014 ከአሥራ ሁለት ጨዋታ አንዱን ብቻ ስታሸንፉ፣ በረዶ እየወረደብን እስከ መጨረሻው ተቀምጠናል። የሥራ ባልደረቦቹ ሲስቁበት፣ የሚያሸንፍ ቡድንማ ማንም ይደግፋል ይላቸው ነበር።

2. በ2015 የጸደይ ወራት አዲሱ አሠልጣኝ ኦሮራ መጥተው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ደጋፊዎችን ሰበሰቡ። ቡድኑን እንደ አዲስ ለመሥራት ሦስት ዓመት እንድንሰጣቸው ጠየቁ። «ስንሸነፍ የተቀመጣችሁበት ወንበር፣ ስናሸንፍም የእናንተ ነው» አሉ። ባለቤቴ ይህን እንደ ውል ያዘው።

3. በ2016 ክረምት ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። ደሙ በማሽን የሚጣራበት ዲያሊስስ የተመደበለት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጨዋታ ስለሆነ ይቀየርልኝ ብሎ ለመነ። ያለው ክፍት ሰዓት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን ነገሩት፤ በደስታ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን በጨለማ አድርሼው ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። እግሩ ሲደክም በዊልቸር ወደሚገባበት መድረክ ተዛወርን። አራት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው፤ አጠገቡ እንደሱው በዊልቸር የሚሄዱት አቶ ባሕሩ ይቀመጡ ነበር።

4. ኖቬምበር 18፣ 2017 የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። አምስት አሸንፈናል፤ ስድስተኛውን ከጨመርን ከስንት ዓመት በኋላ ቦውል ለሚባለው ተጨማሪ የክብር ጨዋታ እናልፋለን። ባለቤቴ ከሌሊት ጀምሮ ለብሶ ጠበቀኝ። በር ላይ ቲኬታችን አልሠራም። መድረኩ ለአጋር ድርጅቶች እንግዶች መሰጠቱንና ረቡዕ ዕለት በኢሜይል መነገሩን ገለጹልን። በምትኩ የሰጡን ቦታ አርባ ደረጃ የሚያስወጣ ነበር። ባለቤቴ ድምፁን ሳያነሣ «ስንሸነፍ ለምን አልወሰዳችሁብንም?» ብሎ ጠየቀ። በበሩ ሠራተኛ አልፈርድም፤ የወሰነው እሱ አይደለም።

5. ፓርኪንግ ውስጥ መኪናችን ውስጥ ሆነን በራዲዮ ተከታተልን። ባለቤቴ በዚያ ብርድ መስኮቱን አስከፈተኝ። የሕዝቡ ጩኸት ከራዲዮው ይቀድም ስለነበር፣ ታችዳውን ማግባታችንን ጋዜጠኛው ሳይነግረን እናውቅ ነበር። አሸነፍን። ወደ ቤት ስንመለስ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ «ቡድኑ ተሠራ እንግዲህ» ብቻ አለኝ።

6. ባለቤቴ ፌብሩዋሪ 2018 ዐረፈ። ጁን ላይ በስሙ ደብዳቤ መጣ፤ «ለታማኙ ደጋፊያችን» ይላል፤ በቡድኑ ግንባታ አብሮ እንዲቀጥል ይጋብዘዋል። ደብዳቤውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። መድረኩ ለእንግዶች በቋሚነት መመደቡን ሠራተኞችዎ በትሕትና አስረዱኝ። መሞቱን ስነግራቸው ማዘናቸውን ገልጸው የቡድኑን ኮፍያ ሰጡኝ። ኮፍያው ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተመላሽ ሆኗል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) ቦታውን የወሰደው ማን እንደሆነና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤

ለ) መድረኩ በዊልቸር ለሚመጡ ደጋፊዎች እንዲመለስ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ ደረጃ መውጣት እችላለሁ። አቶ ባሕሩ ግን በሕይወት አሉ፤ ዘንድሮ አንድም ጨዋታ በአካል አላዩም፤

ሐ) የባለቤቴ ስም ከደብዳቤ መላኪያ ዝርዝራችሁ እንዲሰረዝ፤

ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳልደብቅ ላሳውቅዎ። ይህን የምጽፈው በጠላትነት እንዳይመስልዎ። ያለፈው ቅዳሜ ቤቴ ቴሌቪዥን ከፍቼ፣ እንድትሸነፉ እየተመኘሁ ተቀመጥኩ። እስከ አራተኛው ሩብ ድረስ ተሳክቶልኝ ነበር። የቡድናችሁ ልጆች ኳሷን ይዘው ከጎሉ መስመር ሁለት ያርድ ሲቀራቸው ግን፣ ሳላስበው ከሶፋው ተነሥቼ ቆሜ ነበር።

ከሰላምታ ጋር
ዘርፈሽዋል ቀጸላ
(ፊርማ)