በቤታችን የተከለከለው ቃል

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፦

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ ያ አልጋ ስታነጥፊ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው አዛውንት አሁንም ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ያማርሩሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ያቺ ሹራብ ክርኗ ላይ ሳስታለች ብለሽ ነበር፤ ጣፍሻት ወይስ እኔን ትጠብቂያለሽ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ከልቤ ነው፤ ግን ደግሞ ጊዜ እየገዛሁም ነው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» ይል የለ? እዚያ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

እትዬ፣ ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ዋሽቼሻለሁ። ልጄን ጉልበቷን ወለም ብሏት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ያቺ ቀጭን ስለሆነች፣ አፏም ስለሚወጋ አንቺ ራስሽ መርፌ ብለሽ ስም ያወጣሽላት ልጅ የአጥንት ካንሰር ይዟታል። ግራ እግሯ ላይ፣ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ። ይኸው ጻፍኩት። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ በስልክ «አለሁ» ስል እንኳ የሞትኩ ነው የምመስለው። አሁን የምጽፍልሽ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በልብስ ስፌት ሱቄ የትእዛዝ ደብተር ላይ ነው። ከገባች ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። እግሯን ሊቆርጡላት ነው የገባችው። ይህ ወረቀት አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ነገሩ አንዱን ሆኖ ያልቃል። እኔ ግን አሁን አላውቀውም፤ ፈርቻለሁ።

አጀማመሩን ልንገርሽ። ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወጣ ልጅ አንድ አንዱን መውጣት ጀመረች። እናቷ ልጅቷ ታነክሳለች ብትለኝ፣ ዕድገት ነው፣ አጥንት ሲረዝም ያማል አልኳት። በዓመት ሁለቴ ሱሪዋን የማስረዝም ሰው ሌላ ምን ልበል? ስድስት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ በቅባት አሸሁላት። ጥርሷን ነክሳ ዝም ትለኝ ነበር፤ እኔም እየተሻላት መሰለኝ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰክቶ ሲያሳየን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማሸቴ ነው ያመጣው?» የሚል ነበር። አይደለም አለኝ፤ ግን ባይታሽ፣ እናንተም ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለ፣ ቀስ ብሎ። ይቺ «ግን» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከዚያ አሥር ሳምንት መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። ፀጉሯ ረገፈ፣ አፏ ቆሰለ፣ ውሃ እንኳ ብረት ብረት ይለኛል አለች። እናቷ የሆስፒታሉን ወንበር አልጋ አደረገችው። እማዬ በዚህ እርጅናዋ ቤቱን ተረከበች። እኔ ከተራረፈ ጨርቅ ቆብ ሰፋሁላት። ቆቡን አድርጋ አንድ ቀን እንደዋለች፣ አጠገቧ ለተኛችው ልጅም አዘዘችኝ፤ ከዚያ ለማዶዋ፤ በመጨረሻ አሥራ አንድ ቆብ ሰፍቼ አስረከብኩ። የአንዱን ስፌት ጠማማ ነው ብላ መልሳዋለች።

እግሩ መቆረጥ እንዳለበት የነገሩን ለእኔና ለእናቷ ብቻ ነበር፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ። እባጩ ከደም ሥሩ ጋር ተጣብቋል፤ እግሯን እናትርፍ ካልን እሷን ልናጣ እንችላለን አሉ። ሳንባዋ እስካሁን ንጹሕ ነው አሉን። «እስካሁን» ነው ያሉት እትዬ። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወጥተን ለልጅቷ ምን እንበላት ተባባልንና ለጊዜው ምንም አንበላት አልን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «መቁረጥ» የሚባል ቃል ከቤታችን ወጣ። ማንም አላወጀም፤ በቃ ወጣ። ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ዳቦው ተከፈለ፣ የአውቶቡስ ትኬት ተገዛ። ጎረቤታችን ጫማ ሠሪው ሊጠይቀን መጥቶ «ተስፋ አትቁረጡ» ሲል እናቷ የያዘችው ብርጭቆ አመለጣት፤ ሰውዬው ምን አጠፋሁ ብሎ እስከ ዛሬ ይጨነቃል። እኔስ ብትይ? ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ ደንበኛ «ኮቴን መቼ ትቆርጠዋለህ?» ሲለኝ «ሰኞ እጀምረዋለሁ» እያልኩ አመልጥ ጀመር። ይህ ቃል በአፋችን ውስጥ ስንት ቦታ እንደተሰገሰገ ያወቅሁት ስሸሸው ነው።

ባለፈው እሁድ ሐኪሞቹ ለአራት ቀን ወደ ቤት ልከዋት ነበር። እማዬ ድንች ልጪልኝ ብላ ሰጠቻትና፣ ስትጨርስ «በይ አሁን አሳንሺው» አለቻት። መርፌ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እማማ፣ እዚህ ቤት ምንም ነገር የማይቆረጠው ለምንድን ነው?» አለች። «እግሬን ነው አይደል? ቁርጡን ንገሩኝ» አለች።

እኔ የድንቹን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ። እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። የነገረቻት እማዬ ናት። ስብራት ነው እያልን ስናታልላት የከረምናት እማዬ፣ ለካ ሁሉን ታውቅ ኖሯል! «አዎ ልጄ፣ ሐሙስ ይቆርጡታል። አንቺ እንድትቀሪልን» አለቻት። አላለቀሰችም እንድልሽ አትጠብቂ። ትራሷን ነክሳ ጮኸች። ላቅፋት ብጠጋ እጄን ገፍታ «ሂድልኝ» አለችኝ፤ ያንኑ ያሸሁበትን እጄን። ሄድኩላት። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር፤ ከበሩ ውጪ ቆሜ ቀረሁ።

በማግሥቱ በክራንቿ ሱቅ ድረስ መጣች። እናቷ ከኋላ ከኋላዋ እያለች። ደንበኛ መስላ ቆማ፣ ከሆስፒታል ስወጣ የምለብሰው ሱሪ ስፋልኝ አለችኝ። ባዶውን እግር አጥፌ በመርፌ ቁልፍ አስይዤ አልሄድም፤ ግራውን በልኩ አሳጥረህ ጠርዙን እጠፈው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኔ ይታወቅ አለች። ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ ራሷ መረጠች። ሐኪሙ ለእኛ ያሳየንን ቦታ እናቷ ነግራት ኖሮ በጣቷ አሳየችኝ። ለካሁ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ረሳሁት፣ ሁለት ጊዜ መልሼ ለካሁ። ከዚያ ጨርቁን ዘርግቼ በሳሙና አሰመርኩ። ጎንበስ ብላ አየችና «አባዬ፣ ይሄ የደህናው ነው» አለችኝ።

የቀኙ ላይ ነበር ያሰመርኩት። ለመምህሩ ሁለት ግራ እጅጌ የሰፋሁበትን ኮት ታስታውሺዋለሽ፣ እስካሁን የምትስቂብኝን? መርፌም እሱን አንስታ ሳቀች፤ ሐኪሙ እንዳንተ እንዳይሆን ጸልይልኝ አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ግራ እግሯ ላይ በጥቁር ቀለም ቀስት ሲስል አጠገቡ ቆሜ «ግራው ነው አይደል?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። በአራተኛው ነርሷ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

መስመሩን አጥፍቼ ግራው ላይ አሰመርኩና መቀሱን አነሳሁ። አልቻልኩም። ስንቱን ሐር፣ ስንቱን ሱፍ የሸረከትኩ ሰውዬ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። መርፌ መቀሱን ከእጄ ወሰደችው። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ትል የለ? ለክተሃል እኮ» አለችኝና ቆረጠችው። መቀሱ ስለከበዳት መስመሩ ትንሽ ተንሻፈፈ። አላቃናሁትም፤ እሷ እንደቆረጠችው ሰፋሁት።

ሱሪው አሁን እናቷ ጭን ላይ ባለው ፌስታል ውስጥ ነው። የተረፈችው ቁራጭ እኔ ኪስ ውስጥ ናት፤ በጣቴ ሳሻት ዳር ዳሯ ተተልትሏል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን። አንዴ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ አንዴ ሌላ ሰው የሚፈልጉ ናቸው። እናቷ የሱሪውን ጫፍ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። መርፌ በተሽከርካሪው አልጋ ስትገባ «አባዬ፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ያስታውቅብሃል» አለች። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእሷ ስትጽፊላት ቃሉን አትሽሺው። በቤታችን መልሳ ያስገባችው እሷ ናት፤ ስንፈራው ካየች ትቀየመናለች። ለእኔ ስትጽፊ ግን እንደፈለግሽ አባብዪኝ፣ እንደ ልጅነታችን።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ቤት ሆና ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣለች። የመርፌ እናት ትስምሻለች፤ ይህን የምጽፈው ሳትነግረኝ ነው፣ ግን አውቃለሁ። ጫማ ሠሪውም ሰላም ብሎሻል፤ ለአንድ እግር ብቻ ጫማ እንደሚሠራ ምሎ ነግሮናል። መርፌ ራሷ ደግሞ ከመግባቷ በፊት፣ ሹራቧን ትላክልኝ፣ ተቀምጬ እጥፍላታለሁ በልልኝ ብላለች። እባክሽ ላኪላት እትዬ። የምትጠብቀው ነገር ይኑራት።

ከተወለደች ጀምሮ ያያት ሰው ሁሉ «ቁርጥ አባቷን» ይላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ምነው እኔ ቁርጥ እሷን በሆንኩ እላለሁ።

ወንድምሽ፣
ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት፣
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል። በሩ ገና አልተከፈተም።