ለጓድ ሳጥን የሚበቃ ላሜራ

ውድ ባለቤቴ ሔራሞ፣

ከተለያየን ፋሲካ አልፎ ክረምት ገባ፤ አሁን ነሐሴም እየተገባደደ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ደግሞ አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። ደህና አይደለሁም። እኔ የዶዮገና ልጅ ከምባትኛዬን፣ አንተ የሞርሲቶ ልጅ ሀዲይኛህን ይዘን ሆሳዕና ላይ ተገናኝተን የተዋደድነው በአማርኛ ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ የምተይበው አማርኛ የመንግሥት ነው። የእኛን የሁለታችንን አብሮኝ የሚያወራ ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፍልህ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደታሸገች ናት። ወንድሞችና እህቶች በየቤቱ እየተዟዟሩ ይጸልያሉ፤ የእኛ ቤት ተራ ግን ደርሶ አያውቅም። ጎረቤታችን የጴጥሮስ እናት፣ እባብ ያለበት ቤት ገብቼ ዓይኔን አልጨፍንም አለችኝ። አልፈርድባትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እሷ እኮ የመቀነቴ ጫፍ ሲንጠለጠል እንኳ ትዘላለች። ሽማግሌዎቹም መጥተው ደጅ እንደቆሙ፣ እህታችን፣ ይህን ነገር ከቤትሽ አውጪና ገብተን እናጽናናሽ አሉኝ። አላወጣሁትም። ብቻዬን አለቀስኩ።

ጓድ አለ፣ ሔራሞ። ለባዮሎጂ ትምህርት ብለህ ከጊቤ ቆላ በጆንያ ተሸክመህ ያመጣኸው ዘንዶ አሁንም አለ። ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ የመጣው ካድሬ የዘንዶው የመስታወት ሳጥን ፊት ቆሞ ተፈጥሮን ስለ መቆጣጠር ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ አንተ መሬት መሬቱን ስታይ ዋልክ አሉ። ማታ ቤት ገብተህ በሩን ከዘጋህ በኋላ ነው ሆድህን ይዘህ የሳቅከው። ጓድ ያልከውም ያን ለት ነው። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ሳያላምጥ ይውጣል አልክ። እኔ ሰው እንዳይሰማህ በመዳፌ አፍህን ይዤ ነበር። አሁን ያ አፍ አፈር ውስጥ ነው ብዬ ሳስብ መዳፌን የማስቀምጥበት አጣለሁ።

አንተ ካረፍክ በኋላ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ክረምቱን እንደ ወትሮው እናንተ ቤት ይቆይ፣ መስከረም ላይ በሕይወት ካለ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ከሞተም ቆዳው ጭድ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ለትምህርት ብለው ነው። በእጅህ ያጎረስከው፣ እኔን ሳይቀር እንድነካው ያስተማርከኝ ነገር ጭድ ውጦ ሲንጠለጠል ማየት ግን ሁለተኛ ቀብርህ መሰለኝ። አይሞትም አልኳቸው፤ በምን አውቄ እንደሆነ እንጃ።

ክረምቱ ዘንድሮ የጨከነ ነው። ሐምሌ ላይ ከሳጥኑ ሥር ከሰሉን የምናደርግበትን ክፍት ሳጸዳ፣ ያ አንተ የሠራህለት ማሞቂያ ላሜራ ዝጎ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ስፋቱን ልለካ ብል የሚለካ ነገር አልተረፈውም። ገበያው ዳር ያለው ብረት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ምን ያህል ይሁን ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ነው፤ የሳጥኑን ወለል በሙሉ ይሸፍን አልኩት። ደግ አሰብሽ፣ ሲተርፍሽ ቆሎ ትቆይበታለሽ አለኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ታውቃለህ። እኛ ዘንድ አራስ ስትተኛ የቤቱ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፤ ብርድ በአንድ ጎን ከገባ በሁሉም ገባ ነው የሚባለው። አንተም ወባው ሲያንዘፈዝፍህ ጋቢውን፣ ቡልኮውን፣ የራሴን ቀሚስ ሳይቀር ደራርቤብህ፣ ከላይ ደግሞ ራሴ ተኝቼብህ ጥርስህ ሲንገጫገጭ ሰምቻለሁ። ያን ድምፅ የሰማች ሴት ማሞቂያ ለኪ ስትባል ትንሹን አትመርጥም። ላሜራውን አስገባሁ፣ ከሥሩ ፍም አደረግሁ፣ ብርድ እንዳይገባ ብዬም የአየር ቀዳዳዎቹን በኮባ ጠቀጠቅሁ። አሁን ይሞቀዋል ብዬ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ መብላት ተወ። ከጎተራው ሥር ይዤ ያቀረብኩለትን አይጥ ዞር ብሎም አላየው። ቀኑን ሙሉ የውኃ ሳህኑ ውስጥ ተጠምጥሞ ይውላል፤ በርዶት ነው ብዬ ፍም ጨመርኩ። ሌላ ቀን ደግሞ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሲፈገፍግ አገኘሁት፤ ደምቶ ነበር። አንስቼ ባገላብጠው የሆዱ ቅርፊት ላይ ቀይ ቁስል ወጥቶበታል። የወለሉ ሙቀት ነው የላጠው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። የጴጥሮስ እናት እባቡ የነደፈኝ መስሏት እየሮጠች መጣችና ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። አልነደፈኝም፣ እኔ ነኝ የነደፍኩት አልኳት። ምን እንዳልኳት አልገባትም።

ያኔ ነው ድምፅህ የመጣልኝ። ፈተና እያረምክ ሳለህ፣ ይህ ፍጥረት ለምን ከቦታ ቦታ ይቅበዘበዛል ብዬ ጠይቄህ ነበር። እኛ እሳታችንን በሆዳችን ይዘን እንዞራለን፣ እሱ የራሱ እሳት የለውም፣ ሲበርደው ወደ ሙቀት፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛ ይሄዳል፣ እኛ መሄጃውን ብቻ እንተውለት አልከኝ። ያን ጊዜ ሽንኩርት እየከተፍኩ በአንድ ጆሮዬ ነበር የሰማሁህ።

ላሜራውን ተሸክሜ ወደ ብረት ሠሪው ተመለስኩ። ሳጥኑ ሦስት ክንድ ነው፤ አንዱን ክንድ ብቻ ቁረጥልኝ አልኩት። የሚበርደው ሰው ማሞቂያ ያሳንሳል እንዴ ብሎ ተከራከረኝ፤ እንዲያው ቁረጥ አልኩት። ላሜራው በአንድ ጫፍ ገባ፣ የቀረው ወለል እንጨት ሆነ፣ ኮባውን ከየቀዳዳው ነቀልኩ። ፍሙን አመድ አለበስኩት። መዳፌን ላሜራው ላይ አድርጌ አባታችን ሆይን እስከ አሜን እላለሁ፤ ሳላነሣ ከጨረስኩ ልክ ነው፣ ካቃጠለኝ አመድ እጨምራለሁ። የጴጥሮስ እናት በመስኮት አይታኝ ለእባብ ጸለየች ብላ አስወርታለች አሉ። ታስወራ።

ቁስሉ ደረቀ። ሙቀቱ ላይ ይተኛል፣ ሲበቃው ቀስ ብሎ ተስቦ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ትናንት አይጡን ዋጠ። ከሳጥኑ ፊት ተንበርክኬ እያየሁት ደስ ሊለኝ ሲገባ ለመስከረም የቀሩትን ቀናት ቆጠርኩ፤ ዳነ ማለት ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ክረምት እንዳይሞት ፈጣሪን ስለምን፣ ሲድን እንደሚወሰድ አላሰብኩም ነበር። ለርዕሰ መምህሩ እስካሁን አልነገርኩም። ሞተ ብዬ ልደብቀው ሁሉ አስቤያለሁ፤ ግን ዘንዶው የተማሪዎቹ ነው ትል ነበርና አላደርገውም።

መስከረም ሲጠባ ሳጥኑን ራሴ አስይዤ እወስደዋለሁ። ላሜራው ለምን አንድ ክንድ እንደሆነ ለሚረከበው ሰው አስረዳለሁ፤ ይህን ያስተማረኝ ባሌ ሔራሞ ነው ብዬ ስምህን በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ተማሪዎቹ በእሱ ያስታውሱሃል። እኔ እሱም ከሄደ በኋላ፣ ሁሉም ተጽናንታለች ካለ በኋላም አስታውስሃለሁ፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ከቢሮ ስመለስ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ከሰል የማያይዘው ለእሱ ነበር። ለራሴ ብቻ ብዬ እሳት አንድጄ አላውቅም።

ሚስትህ