ያለ አስተርጓሚ ያሳቅኸን

ኤፍሬም፣ የእህቴ ልጅ፣ የኔ ወስላታ፤

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሬዲዮ ጠጋኙ አጎትህ በራሱ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ስሕተት ካገኘህብኝ እንደ ልማድህ ለሰፈሩ አታውጅ።

ባሮ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ዳር ዳሩን በልቷል። ክልል ከሆንን ወዲህ ስብሰባው በዝቷል ስትል አልነበር? አሁን ብሶበታል። ከሱቄ ፊት ለፊት አዲስ ቢሮ ተከፍቶ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ጥላ ፍለጋ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ሬዲዮ የሚያሠራ ግን የለም።

እናትህ ነበረች ያስቸገረችን። ወባ አንተን በአምስት ቀን ከነጠቀን በኋላ ሰው ያሳቅህበትን የቪዲዮ ካሴትህን የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እንደ ድሮው ለማሳየት ባለ ቪዲዮ ቤቱ ለመናት፣ እኔም ለመንኳት፤ «በሞተ ልጄ ማንም አይስቅም» አለችን። ካሴቱ ደግሞ ያው አንዱ ብቻ ነው። በእኛ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ቤት፣ በብረት ሳጥን ውስጥ የካሴት ክር ምን እንደሚሆን ስለማውቅ እጨነቅ ነበር። ድምፅህ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

የሠርግ ካሜራ ተውሰን ከማንጎው ሥር የቀረጽነውን ቀን ታስታውሳለህ? ኮቴን ደርበህ ሰብሳቢ ሆንክ፤ በአማርኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገርክ። ኮቱን ጥለህ አኙዋክኛ አስተርጓሚውን አቶ ኦሞድን ሆንክና ያቺን አጭር ነገር ረጅም ታሪክ አደረግሃት። ቀጥለህ ኑዌርኛ አስተርጓሚውን ሆነህ ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረስከው። ሰብሳቢው ግራ ቀኙን እያየ «እኔ ምን ብዬ ነበር?» አለ። አቶ ኦሞድ ከመተርጎሙ በፊት በመሐረብ ግንባሩን የሚጠርገውን እንኳ አልተውክለትም። አንዴ ከጠረገ ትርጉሙ አጭር ነው፤ ሁለቴ ከጠረገ ሰው ጫማውን አውልቆ ይደላደላል።

በቪዲዮ ቤቱ የታየ ዕለት አቶ ኦሞድ ራሱ መጥቶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ በር ላይ የቆምኩት ጥዬህ ለመሮጥ እንጂ ቲኬት ለመቀበል አልነበረም። የእሱ ተራ ደረሰ። ከዚያ በሳቅ ዕንባው መጣና መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። ቤቱ ተናጋ።

በዚህ ከተማ ስብሰባ ላይ ቀልድ ሲነገር ሳቁ በሦስት ተራ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አማርኛ የሚሰሙት ይስቃሉ፤ ሲተረጎም አኙዋኩ፣ መጨረሻ ላይ ኑዌሩ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ረስተውታል። ያን ዕለት ግን ሳቁ ከሁሉም አፍ አንድ ላይ ወጣ። ማን አስተረጎመላቸው? ንፍጥህን የጠረግሁልህ እኔ፣ ማን እንደሆንክ ያን ዕለት ጠፋኝ። እስካሁንም ሲገርመኝ ይኖራል። ካሴቱ በጭነት መኪና ኢታንግ ሄዶ፣ አቦቦ ሄዶ፣ አቧራ ለብሶ ሲመለስ እኔ ስጠርገው እጄን ታጥቤ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ አቶ ኦሞድ ወደ ቤታችሁ መጣ። እናትህ ፊት ተቀመጠ። በዚያ በምታውቀው አማርኛው፣ «እህቴ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ እኔም አለሁ። እኔ ደግሞ አልሞትኩም። አውጪኝ» አላት። እኔ ዓመት ሙሉ የለፈለፍኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ ግንባሩንም አልጠረገም። እናትህ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች።

ጸበል ጻዲቁ ከተበላ በኋላ ግቢው ውስጥ ቴሌቪዥን አቆምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እናትህን እያየ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ። እሷ መቀመጫ ዱካዋን ወስዳ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ተቀመጠች። ፊትህን ማየት አልቻለችም። ድምፅህ ሲመጣ የሰዉን ፊት ብቻ ታይ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት አማርኛ የማትሰማው ኑዌሯ ጎረቤታችን ናት፤ ከዚያ ማንም ማንንም አልጠበቀም። እናትህ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ትመለከት ነበር፣ በየፊቱ አንተን የምትፈልግ ይመስል።

ሲያልቅ ላጠፋው ተነሣሁ። «ድገመው» አለችኝ፤ ዱካዋንም ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች።

ሁለት ማጫወቻ ተውሼ ካሴቱን ወደ ሌላ ካሴት እገለብጣለሁ። መሐል ላይ ምስሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አለ፤ ካሜራውን ይዤ በሳቅ የሞትኩበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያስቆርጠው ነበር። እኔ በሕይወት እስካለሁ አይቆረጥም፤ ፊት ለፊትህ ቆሜ እንዳየሁህ የሚመሰክርልኝ እሱ ነው።

አጎትህ